አበባና ፍሬ ባንድ ቅርንጫፍ

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ወጥቼ እማዬ ሱቅ እንደደረስኩ ስልኳ ጮኸ። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋ ሂርማታ ገበያው ውስጥ ነው። ያን ሰዓት የአንዲት ደንበኛ ወገብ ላይ ሜትር ጠምጥማ፣ በከንፈሯ ስፒል ደርድራ ስለነበር በአገጯ «አንሺው» አለችኝ። አነሳሁት።

«ደብተርሽን አይቼዋለሁ። ቅዳሜ ነይ።»

የስዕል አስተማሪዬ ነበሩ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ከረምሽ የለ። እኔም ሰላም አላልኳቸውም፤ ጮህኩ። ደንበኛዋ ከነሜትሩ ዞረች፣ እማዬ ስፒሎቹን እጇ ላይ ተፋች፣ ጎናችን ያለው ጫማ ሻጭ እየሮጠ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም! ቅዳሜ ነይ አሉኝ!»

«እነማን?»

«ጋሼ!»

ትንሽ አሰበና «ታዲያ ሂጂያ፤ ይሄ ያስጮሃል እንዴ?» ብሎ ወደ ጫማዎቹ ተመለሰ።

ያስጮሃል። ለእሱ ሁለት ቃል ነው፤ ለእኔ ሰባት ሳምንት ነው። በነዚያ ሰባት ሳምንታት የሆነውን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁን ግን አልቀድም። የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ክፍል ውስጥ ቆመው ካነበቡት ወዲህ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እጄን የሚይዘው የለም።

ጋሼ የምላቸው ሰው ብዙ ዓመት ስዕል ያስተማሩ፣ ትርፍ ሰዓታቸውን ደግሞ የሱቅ ታፔላ ሲጽፉ የኖሩ ናቸው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቀለማቸው የለቀቀ አሮጌ ታፔላዎች ካያችሁ ግማሾቹ የእሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ቆጪ ያለው ግቢያቸው ውስጥ፣ አቮካዶው ሥር፣ ቅዳሜ ጠዋት አሥር የምንሆን ልጆችን ያስተምራሉ። የምንቀመጠው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ነው። ደንባቸው አንድ ነው፤ በየሳምንቱ አምስት ስዕል፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጠሽ ያየሽውን። ከእያንዳንዱ ሥር ሦስት ነገር ይጻፋል፤ የት፣ ስንት ሰዓት፣ ፀሐይ በየት በኩል።

አንዱ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ጠየቃቸው። «ጋሼ፣ ከጭንቅላታችን መሳል ክልክል ነው?»

«ማን ከለከለ? ዘንዶም ሳል። ያላየኸውን አየሁ አትበል ነው ያልኩት።»

ቀላል ደንብ ነው። እኔ ግን እሱ ላይ ወደቅኩ።

እንዴት እንደወደቅኩ ለመናገር ከጌም መጀመር አለብኝ። እኔ ጌም እወዳለሁ። ይህን ስጽፍ አላፍርም። ስልኬ ላይ የእርሻ ጌም አለ፤ ትተክያለሽ፣ ታጠጫለሽ፣ ትለቅሚያለሽ፤ አገሩን በሙሉ ከላይ ሆነሽ እንደ አሞራ ታይዋለሽ። ከዚያ ሌላ ከጓደኛዬ ጋር አጂፕ አካባቢ ያለው ጌም ቤት እንሄዳለን። የመጀመሪያው ቀን ስንገባ ወንዶቹ ጆይስቲክ እንደያዙ ዞረው አዩን።

«ፀጉር ቤቱ ቀጥሎ ያለው በር ነው» አለ አንዱ።

«እናውቃለን፤ አንተን ከሸኘን በኋላ እንሄዳለን» አለች ጓደኛዬ።

በኳስ ጌም ሦስት ለባዶ ሸኘችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበር ይለቁልናል።

ይቺ ጓደኛዬ ከእኔ ጋር አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ወንድሟ ዩኒቨርሲቲ ስለሚማር አሮጌ ላፕቶፑን ለቆላት፣ ራሷን ኮድ አስተምራ፣ የራሳችንን ጌም እየሠራን ነው። እሷ ኮዱን፣ እኔ ስዕሉን። ስለ ቡና ለቀማ ነው። ተጫዋቹ እሸት ቡናውን ይለቅማል፣ የማድረቂያ አልጋ ላይ ያሰጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ሮጦ ይሸፍናል። ዛፎቹን፣ ቅርጫቶቹን፣ የደመናውን ዓይነት ሁሉ የሳልኩት እኔ ነኝ። ለትምህርት ቤታችን የፈጠራ ቀን ልናደርሰው ስለፈለግን ከትምህርት በኋላ ያለው ሰዓት በሙሉ እዚያ ላይ ይሄዳል።

ታዲያ ጋሼ ግቢ የመጀመሪያውን በርጩማ ስስል ቀና ብለው አዩኝና «ከላይ ነው የምትስይው። አሞራ ነሽ እንዴ?» አሉኝ። በሌላ ቀን መንገድ ሳልኩ።

«እዚያ መጨረሻ ላይ ያለው ሰውዬ ለምን አላነሰም?»

«ሩቅ ስለሆነ ነው፣ ጋሼ።»

«ሩቅ ከሆነ ይነስ!»

ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። በጌም ውስጥ እኮ ሩቅ ያለውም ቅርብ ያለውም እኩል ነው። ዓይኔ እዚያ ነው የለመደው። ቀስ በቀስ ግን እየተሻለኝ መጣ። ዝቅ ብዬ መቀመጥ ለመድኩ። የዕቃ መደርደሪያ፣ የቆመ ባጃጅ፣ የእማዬ የስፌት መኪና ከነፔዳሉ፤ እነዚህ ገጾች እውነተኛ ናቸው። አሁንም ሳያቸው ደስ ይሉኛል።

ከዚያ ጥቅምት ላይ ጊዜ አጠረኝ። አንድ ዓርብ ማታ አምስት መሆን የነበረባቸው ስዕሎች አራት ነበሩ። አምስተኛውን ከስልኬ ላይ ገለበጥኩት፤ ከእርሻው ጌም ውስጥ ያለችውን ዶሮ። ከሥሯ «የጎረቤት ግቢ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ ከግራ» ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ አይተው አለፉ። ገጹ ሲገለበጥ እንዴት እንደቀለለኝ አስታውሳለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ከአምስቱ ሁለቱ፣ ከዚያ ሦስቱ። ውሸቷን የምጽፍበት እጅ ጽሕፈት ከሌላው ይበልጥ ያምር ነበር፤ ቀስ ብዬ ስለምጽፍ።

ኅዳር ላይ፣ ለቀማው በደንብ ሲጀመር፣ ጋሼ እንዲህ አሉን። «የምትሄዱበትን እናንተ ምረጡ፤ ሰቃም፣ ደዶም፣ አሰንዳቦም ይሁን። አንድ የቡና ዛፍ ፊት ተቀምጣችሁ ሳሉልኝ። ጅማ ተወልዳችሁ ቡናን በሲኒ ብቻ አትወቋት።»

እኔ ሰቃ አልኩ። እማዬ ለመኪና ሰጠችኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ መናኸሪያ እየሄድኩ ጓደኛዬ ደወለች። «ዛፎቹ ስክሪን ላይ ሲገቡ ተበላሽተዋል፤ ቶሎ ድረሺ» አለችኝ። ሄድኩ። ለመኪና በተሰጠኝ ብር የኢንተርኔት ፓኬጅ ገዛን። ስናስተካክል አመሸን፤ ስናበቃም ለመዝናናት ተጫወትን። እሑድ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ የገዛ ጌማችንን የቡና ዛፍ ከፍቼ፣ በእርሳስ አሳምሬ ሳልኩት። ቀዩን ፍሬና ነጩን አበባ ቀለም ቀባኋቸው። በሕይወቴ ከሳልኳቸው ሁሉ ያማረ ነበር። «ሰቃ። ጠዋት ሦስት ሰዓት። ፀሐይ ከግራ።»

ለእማዬም በትልቅ ወረቀት አንድ ሳልኩላትና ሱቋ ውስጥ ከመስታወቱ በላይ ለጠፈችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼ ደብተሮቹን ሁሉ ሣሩ ላይ ዘርግተው እየዞሩ አዩ። የእኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ቁጢጥ አሉ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ቁጢጥ የሚሉት በጣም ሲወዱ ብቻ ነውና ወደውታል ብዬ ደረቴ ሞላ።

«ሰቃ ሄድሽ?»

«አዎ ጋሼ።»

«አበባውን በእጅሽ ነካሽው?»

«ነካሁት።»

«ይሸታል?»

«በጣም ይሸታል! እንደ ሽቶ ነው።»

ከዚያ ቀና ብለው ልጆቹን አዩ። «ቡና የሚያብበው መቼ ነው?»

አንዷ ልጅ፣ ቤተሰቦቿ አጋሮ ቡና ያላቸው፣ ቀስ ብላ «የበልግ ዝናብ ሲጥል ነው፤ የካቲት፣ መጋቢት» አለች።

«አሁን ምን ላይ ነን?»

«ኅዳር።»

«ቀዩ ፍሬ ያለበት ቅርንጫፍ ላይ ነጭ አበባ ፈክቶ አየሽ ማለት ነው?»

አንዱ ልጅ ከኋላ «ምናልባት ሰቃ አፕዴት ተደርጎ ይሆናል» አለ። ሁሉም ሳቀ። ጋሼ አልሳቁም። ደብተሬን አንስተው ወደ ኋላ ገለበጡ፤ ዶሮዋን፣ መናኸሪያውን፣ አጥሩን። እያንዳንዱን ሲገልጡ ከሥሩ ያለውን ጮክ ብለው አነበቡ። «ፀሐይ ከግራ። ፀሐይ ከግራ። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት፣ ፀሐይ ከግራ። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ አሁንም ከግራ። ምነው፣ ይቺ ፀሐይ ጠልቃ አታውቅም?»

ያኔ ነው የገባኝ። በጌም ውስጥ ብርሃኑ ሁልጊዜ ከላይ በግራ በኩል ነው የሚመጣው፤ ጥላው ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ይወድቃል። ማንም ሳይነግረኝ፣ እኔም ሳላውቀው፣ ገጽ በገጽ ፈርሜበታለሁ።

«አበባው ምንም አይደለም» አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ተሳስቶ የሚስል ልጅ ነው የማስተምረው። ያሳዘነኝ 'ነካሁት' ያልሽኝ ነው። ለምን አልሽ?»

ለምን እንዳልኩ አሁንም አላውቅም።

ደብተሩን ዘግተው እጄ ላይ አስቀመጡት። «ሂጂ። ያየሽውን ይዘሽ ስትመጪ እንነጋገራለን።»

ሰው ፊት ማልቀስ ስለማልወድ ከግቢው እስክወጣ እርምጃዬን እየቆጠርኩ ሄድኩ። ስንት እንደደረስኩ አላስታውስም።

የሚያሳዝነው፣ ለእማዬ አልነገርኳትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደልማዴ ደብተሬን ብብቴ ሥር አድርጌ ወጣሁ። የት እንደምሄድ አላወቅኩም። ጌም ቤት ገባሁ። ጆይስቲኩ እጄ ላይ ነው፣ ግን ያለ ወትሮዬ ተሸነፍኩ፤ ያ ፀጉር ቤቱን ያሳየን ልጅ እንኳን አዘነልኝ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ተነስቼ ሱቅ ሄድኩ።

«ዛሬ ምን ሳላችሁ?» አለች እማዬ።

«እጅ።»

«የማንን?»

«የ... የጋሼን።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

«እዚያ ቀረ።»

በየቅዳሜው እንዲህ። እጅ፣ እግር፣ ጆሮ፤ አንድ ሙሉ ሰው በውሸት ሳልኩላት። ጌም የሚያስደስተኝ ከሌላ ነገር ጊዜ ሰርቄ ስጫወተው እንደነበረ ያኔ ነው ያወቅኩት፤ ሙሉ ቅዳሜ በነጻ ሲሰጠኝ አሰለቸኝ። እርሳስ ደግሞ አልነሳ አለኝ። ጓደኛዬ ለጌማችን አዲስ የቅርጫት ስዕል ስትጠይቀኝ ነገ፣ ነገ እያልኩ አስኮረፍኳት።

አንድ ቀን፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ፣ እማዬ ጋ ሱሪ ሊያሳጥር አንድ ሰውዬ መጣ። ከደዶ ነው፤ ለገበያ ወጥቶ ነው። እማዬ ስትለካው ቀና ብሎ ከመስታወቱ በላይ ያለውን ስዕል አየ። ረጅም ጊዜ አየው።

«ይሄ የየት አገር ቡና ነው እቴ?»

«የሰቃ ነዋ» አለች እማዬ። «ልጄ ናት የሳለችው።»

«ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ቡና አይቼ አላውቅም። አበባውም ፍሬውም አንድ ላይ? እኔ ቡና ውስጥ ነው ያደግኩት።»

«እርስዎ አላዩ ይሆናላ። ልጄ ሰቃ ድረስ ሄዳ፣ ፊቱ ተቀምጣ፣ በዓይኗ አይታ ነው የሳለችው! ልትነግርዎት ትችላለች፣ ይቻትና።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። የሰውዬው ፊት ላይ ማሾፍ አልነበረም፤ በእውነት ሊያውቅ ፈልጎ ነበር። እማዬ ደግሞ አንገቷን ቀጥ አድርጋ መልሴን ትጠብቃለች። «አዎ» አልኩ። ይህ ከሁሉም የከበደኝ ነው። ጋሼ ፊት የዋሸሁት ለደብተር ነበር፤ ይህን ግን እማዬን አቁሜ በአፏ ነው ያዋሸሁት።

በማግሥቱ እሑድ «ሰቃ ልሄድ ነው» አልኳት።

«ደግሞ?»

«ደግሞ» አልኩ፤ አንገቴን ደፍቼ።

ሚኒባሱ ሰቃ ከተማ አወረደኝና በእግሬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ማንንም አላውቅም። አንድ አጥር አጠገብ ቆሜ ወደ ቡናው ሳጮልቅ ከውስጥ አንዲት ትልቅ ሴት ጠሩኝ።

«ኢንተላ! ማል ጎታ?» አንቺ ልጅ፣ ምን ትሠሪያለሽ ማለታቸው ነው።

የከተማ ኦሮምኛዬ ግማሽ መንገድ ላይ ስለሚያልቅ በአማርኛ ጨረስኩት። «ቡና ልስል ነው የመጣሁት፣ እማማ።»

«ለመሳል? ስልክ የለሽም?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ፎቶ አንሺና ወደ ቤትሽ ሂጂያ!»

«አስተማሪዬ በዓይንሽ ነው አሉኝ።»

«ዱጋ?» ብለው ሳቁ፤ እውነት ነው? ማለታቸው ነው። «ኮቱ፣ ነይ ግቢ። እዚህ ታኢ» ብለው አንድ ባልዲ ገልብጠው አስቀመጡኝና ለቀማቸውን ቀጠሉ።

የቡና ዛፍ ፊት ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ጅማ ተወልጄ! ፍሬው በጌማችን እንደሳልኩት እንደ ጆሮ ጌጥ አይንጠለጠልም፤ ቅርንጫፉ ላይ፣ ቅጠሉ ከሚወጣበት አንጓ ሥር ተጨናንቆ ተጣብቋል። አረንጓዴውም፣ ቢጫ ሊሆን የጀመረውም፣ ቀዩም፣ ደርቆ የጠቆረውም ባንድ ቦታ ነው። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚወጡት። ጠርዛቸው ይጨማደዳል። ላጲሴ ወረቀቱን እስኪቀደው ድረስ አጠፋሁ። ደግሞ ፀሐይዋ አትቆይም! ከቀኝ ብዬ ጥላውን ስጀምር ዞራ ከላይ ሆነች፤ ከላይ ስል ደመና ዋጣት።

ሴትዮዋ እየለቀሙ መጥተው በትከሻዬ በላይ አዩ። «ይሄን ጥሩ አድርገሻል። ይሄ ግን ቅጠል ነው በግ ነው?» አሉ። ከዚያ፣ «ጉድ ልታዪ ከመጣሽ ነይ» ብለው ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱኝ።

እዚያ አንድ ዛፍ ላይ፣ ዘግይቶ የቀላ ፍሬ ባለበት ቅርንጫፍ ጫፍ፣ ነጭ አበባ ፈክቷል።

ጮህኩ። መጮህ ይቀናኛል። «አበባ! እማማ፣ አበባና ፍሬ!»

«ምን ያስደስትሻል?» አሉ። ፊታቸው ግን አልሳቀም። «ከአሥር ቀን በፊት ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ፤ አሳሳተው። አሁን የፈካው ለዋናው ጊዜ ይጎድለናል። ይሄንን ፍሬ ስለቅም ደግሞ አበባው አብሮ ይረግፋል። እይ።» በሁለት ጣታቸው አንዱን ቀይ ፍሬ ጠምዘዝ አድርገው አወጡት፤ እንደዚያ ተጠንቅቀውም ሦስት አበባ እግራችን ሥር ወደቀ። «የዚህ አንድ ዛፍ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። አላህ ያውቃል እንግዲህ።»

በእኛ ጌም ውስጥ ተጫዋቹ ነጩንና ቀዩን ባንድ ቅርንጫፍ ካገኘ ቦነስ ይሰጠዋል። ሐሳቡ የእኔ ነበር፤ ስለሚያምር። እኚህ ሴት እያዩት የሚጨነቁበትን ነገር እኔ ነጥብ ሰጥቼበታለሁ።

በእጄ ነካሁት። አሸተትኩት። ይሸታል፣ ግን እንደ ሽቶ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ዞር ስትዪ ነው የሚበረታው። ባልዲውን ይዤ መጥቼ ፊቱ ተቀመጥኩና ሁለት ሰዓት ያህል ሳልኩት።

መሀል ላይ ጓደኛዬ ደወለች። ከጋሼ ግቢ መባረሬንም አበባውንም ነገርኳት። በጩኸት ፈነዳች። «አለቀ! አሸነፍሽ! ፎቶም አንሺው። ሂጂና 'ይኸው፣ አላልኩም?' በያቸው። ሁሉም ይቅርታ ይጠይቅሻል።»

እውነቷን ነው። አስቡት፤ በእጄ ላይ ማስረጃ አለ። ጋሼ ያፍራሉ፣ ያ አፕዴት ያለው ልጅ አፉን ይይዛል፣ እማዬ የደዶውን ሰውዬ በድል ታስታውሰዋለች። ማንም ሰው ኅዳር ላይ ሰቃ እንዳልነበርኩ ሊያውቅ አይችልም። ከእኔና ከጓደኛዬ በቀር። ከሥዕሉ ሥር ባዶው ቦታ ላይ እርሳሱን አሳርፌ ብዙ ቆየሁ። ፈተናው የመጣብኝ ውሸታም ሆኜ እያለሁ ሳይሆን እውነቱን በእጄ ይዤ መሆኑ ይገርመኛል። ሴትዮዋ ቅርጫታቸውን ሞልተው ሲመለሱ እዚያው ነበርኩ።

«አላለቀም?»

«ስዕሉ አልቋል። ጽሕፈቱ ነው።»

«ያየሽውን ጻፊዋ። ምን ያስቸግራል?»

ጻፍኩ። «ሰቃ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐይ ደመና ውስጥ ናት፣ ጥላ የለም። ይህን ያየሁት ዛሬ ነው። ኅዳር ላይ ሰቃ አልመጣሁም፤ ያን ዛፍ የሳልኩት ከጌም ላይ ነው። አበባ አልነካሁም ነበር።» ከዚያ ወደ ኋላ ገልብጬ የውሸት ገጾቹ ጥግ ላይ ሁሉ የኤክስ ምልክት አደረግኩ። አሥራ አንድ ነበሩ። አራት ወይም አምስት መስለውኝ ነበር።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። እራት አቅርባ ነበር። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ስድስቱን ቅዳሜ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። «እጁስ?» «ውሸት።» «ጆሮውስ?» «ውሸት።» ሰሃኑን ወደ ጎን ገፋች። ከዚያ፦

«ማለት ያ የደዶው ሰውዬ እውነቱን ነበር?»

«አዎ እማዬ።»

«አይ አንቺ! እኔ እኮ ተናድጄ ሱሪውን ካለው በላይ አሳጠርኩበት።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ግን ወዲያው አልሳቀችም። ጠዋት ሱቅ ስትከፍት ስዕሉን ከመስታወቱ በላይ አነሳችው፤ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ አስገባችው። የተለጠፈበት ቦታ ላይ ግድግዳው ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ደንበኞች «ያ ስዕል የት ሄደ?» ሲሏት «እየታረመ ነው» ትላለች። እስካሁን አንዳንዴ የሆነ ነገር ስነግራት ፊቴን ትንሽ ከሚገባው በላይ ታየዋለች። ይህ ቶሎ የሚለቅ አይመስለኝም።

ደብተሩን ሰኞ ቆጪ ወስጄ፣ ጋሼ ስላልነበሩ፣ በበሩ ሥር አስገባሁት። ከዚያ ሰባት ቀን ምንም የለም። በነዚያ ቀናት ከጓደኛዬ ጋርም ተጣላን፤ ቦነሱ ይውጣ፣ አበባው ዝናብ ሲጥል ብቻ ይምጣ ስላልኳት።

«ሰው እስኪያብብ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል? ማን ይጫወተዋል?»

«እኔ እጫወተዋለሁ።»

«አንቺ አንድ ሰው ነሽ!»

አሁንም አልተስማማንም። የፈጠራው ቀን እየቀረበ ነው፣ ጌሙ ሁለት ዓይነት ዛፍ ይዞ ቆሟል።

ከዚያ ማክሰኞ ሆነ፣ ስልኩ ጮኸ፣ እኔም ጮህኩ። «ቅዳሜ ነይ» ካሉኝ በኋላ ጋሼ ስልኩን አልዘጉትም ነበር። «ደንቡን ታውቂያለሽ አይደል?» አሉ።

አውቃለሁ። በእኛ ክፍል ለረጅም ጊዜ ቀርቶ የተመለሰ ሰው በመጀመሪያው ቀን እርሳስ አይነካም። መሀል በርጩማው ላይ ይቀመጣል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አይንቀሳቀስም፣ ሌሎቹ ዙሪያውን ከበው ይስሉታል። ጋሼ ቅጣት ነው አይሉትም። «ሲያዩሽ ምን እንደሚመስል እወቂ» ነው የሚሉት። ባለፈው ዓመት አንድ የኮሌጅ ተማሪ ከፈተና ተመልሶ ተቀምጦ ነበርና አፍንጫውን አሥር ዓይነት አድርገን ሰጠነው። እኔ ደግሞ ያለ ስልክ፣ ሳልንቀሳቀስ፣ ሰው ዓይን ለዓይን እያየኝ አንድ ሰዓት ተቀምጬ አላውቅም። ከአሁኑ ያሳክከኛል። ያ የአፕዴቱ ልጅ ፊት ለፊቴ እንደሚቀመጥ እርግጠኛ ነኝ።

ጋሼ ሲጨርሱ «ትርፍ በርጩማ አለ፤ የፈለገ ሰው ይምጣ፣ ንገሪ» አሉ። ስለዚህ እየነገርኳችሁ ነው። ጅማ ያላችሁ፣ ለትምህርት የመጣችሁም፣ ከሰቃም ከደዶም ለገበያ የምትወጡ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቆጪ ኑ፤ የስዕል አስተማሪው ጋሼ ቤት ብላችሁ ጠይቁ፣ ያሳዩአችኋል። ወረቀት ይዛችሁ ኑ፣ እርሳስ እናውሳችኋለን። ስዕል አንችልም ማለት አይሠራም፤ እኔ በግ የሚመስል ቅጠል የሳልኩ ሰው ነኝ። አገጬ ላይ ትልቅ ብጉር ወጥቷል፣ እስከ ቅዳሜ አይጠፋም። እሱንም እንዳትተዉት። ካለ አለ ነው፤ ሳሉት።